ትምህርት ሠላሳ አንድን በተመለከተ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

ለተወደድሽው ባለቤቴ፣ ለኩርፊያሽም ጭምር፤

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል፣ ስወርድ ግን ምንም አይለኝም፤ ስለዚህ አሁን አሁን የምድር ቤት ሥራ እየመረጥኩ ነው። ሠፈሩም እንዳለ ነው። ከላያችን ያለችው ነርስ ታጭታለች። ለማን ብትይ፣ ለዚያ ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ደፍቶ ለሚያልፈው የአውቶቡስ ሾፌር! ስንት ዓመት ኩራተኛ ነው እያልን ስናማው ለካ ሰውዬው ዓይን አፋር ኖሯል። የነገረችኝ ባለሱቋ ናት፤ መቼም ታውቂያታለሽ፣ ወሬ እሷን አልፎ አይሄድም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽም ሾፌሩ ነው፤ ሐሙስ በእናንተ በኩል ያልፋል።

"ስልክ ላይ ትጮህብኛለህ፣ የምትለው ካለህ ጻፈው" ብለሽኝ ከሄድሽ ይኸው አምስት ወር ሆነ። እጄ ከመፍቻ ይልቅ እስክሪብቶ ለምዷል። አሁንም ሳልጮህ እጽፋለሁ። የሚያስጮህ ነገር ግን አለ፤ እመጣበታለሁ።

ደብዳቤሽ እሑድ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደህና መሆንሽን ለማወቅ፣ ቀጥሎ ቤታቸው ያረፍሽባቸውን የአክስትሽን የእትዬን የወጥ ቤት ቧንቧ በገዛ እጅሽ መቀየርሽን ለማመን፣ ሦስተኛውን ግን ለመቁጠር ነው ያነበብኩት። "መምህሬ" የሚል ቃል አሥራ አንድ ቦታ አለ። የእኔ ስም ሁለት ቦታ አለ፤ አንደኛው ፖስታው ላይ ነው።

መምህሬ እንዲህ አለ፣ መምህሬ እንዲህ ያደርጋል፣ መምህሬ ተማሪ ቢሳሳት አይቆጣም። (ይቺ "አይቆጣም" ለማን እንደተላከች ገብታኛለች፤ ደርሳኛለች።) ሰውዬው በቪዲዮ ያስተምራል፣ ያ አልበቃ ብሎት "ቧንቧዎን በራስዎ" የሚል መጽሐፍ ጽፏል፣ አንቺም ገዝተሽ ከትራስሽ አጠገብ ታስቀምጪዋለሽ። ከትራስሽ አጠገብ! የቧንቧ መጽሐፍ ትራስ አጠገብ ምን ይሠራል? የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም?

ሃያ ሁለት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ሆነሽ ኖረሻል። የመሣሪያ ቦርሳዬን በር ሥር እየተሻገርሽ ስትወጪ ስትገቢ አንድም ቀን "ይሄ ለምንድን ነው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። "ጠይቄህ 'ቆይ ደክሞኛል' ብለኸኛል" እንደምትይ አውቃለሁ። እሺ፣ ጠይቀሻል። ግን አንዴ ነው። ለእሱ ሠላሳ ትምህርት በትዕግሥት የተቀመጥሽ ሴት እኔን ሁለተኛ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?

የዚያችን የወጥ ቤታችንን ቧንቧ ነገር አንቺ ሳታነሺው እኔው ላንሳው። ሁለት ዓመት ተንጠባጥባለች፤ እኔም ሁለት ዓመት "ነገ" ብያለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ውዬ ስገባ ሌላ ቧንቧ ማየት አስጠልቶኝ ነው። አንቺም ሥሯ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥሽ፣ ሲሞላ ትደፊዋለሽ፣ መልሰሽ ታስቀምጪዋለሽ። የሄድሽ ዕለት ጠዋት ትጮሂብኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ሳህኑን ደፋሽ፣ በጨርቅ አደረቅሽ፣ መልሰሽ ሥሯ አስቀመጥሽና ቦርሳሽን አነሳሽ።

በማግሥቱ ሠራኋት። ሰባት ደቂቃ ፈጀችብኝ። ከሰባቱ ሁለቱ መፍቻ ፍለጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንዴት ዝም እንዳለ ልነግርሽ አልችልም።

ወደ ሰውዬሽ ልመለስ። ያኔ ከሁለት ወር በፊት መጀመሪያ ስለ እሱ ስትጽፊልኝ ባለሱቋ ዘንድ ሄጄ "እስቲ ይሄን ሰው ስልክሽ ላይ ፈልጊልኝ" አልኳት።

"ምን ሊያደርግልህ? አንተ ቧንቧ አትችልም?"

"እንዴት እንደሚያስተምር ለማየት ነው።"

"እንዴት እንደሚያስተምር?" አለችና ወደ ደንበኞቿ ዞረች። "ምን እንደሚመስል ለማየት ነው እንጂ!"

ሳቁብኝ። ይሳቁ። አገኘችልኝና አየሁት። አንቺዬ፣ ነጭ ሸሚዝ! የቧንቧ ሠራተኛ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ! ጥፍሩ የባንክ ሠራተኛ ጥፍር ነው። ደግሞ ያ ድምፁ፣ "አይዟችሁ፣ ቀስ በሉ፣ ውሃ የትም አይሄድም" ይላል። ውሃ የትም አይሄድም? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ የበላሁት ውሃ የማይሄድበት ቦታ ስለሌለ ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ካልደከመኝ አንድ አንድ ትምህርት አያለሁ። ለመማር አይደለም፣ ስህተት ለማግኘት ነው። ትምህርት አራት ላይ መፍቻ አያያዙ አላማረኝም፤ ግን ያሠራል። ትምህርት ዘጠኝ ላይ ነጩን ቴፕ ወደ ግራ ሊጠመጥም ነው ብዬ ቁጭ ብድግ ስል በቀኝ ጠመጠመው። ትምህርት አሥራ ሁለት ላይ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመታጠቢያውን ጉሮሮ በጨርቅ ደፈነው፤ ብሎን ቢያመልጠው ወደ ውስጥ እንዳይገባበት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመለጠኝን ብሎን በሽቦ ስጎለጉል ኖሬ ይሄን አንድም ቀን አላሰብኩትም። አሁን እኔም ጨርቅ አደርጋለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ።

አንድ ቀን ግን ብልጭ አለብኝና ከቪዲዮው ሥር አስተያየት ጻፍኩ። በስሜ አይደለም። "ለመሆኑ ሸሚዝህ አይቆሽሽም? ወይስ ሥራውን የሚሠራልህ ሌላ ሰው ነው?" አልኩት። ወዲያው መለሰልኝ። "ይቆሽሻል ወንድሜ። ራሴ ነኝ የማጥበው።" ይቺን መልስ ከአራት መቶ ሰው በላይ ወደዳት፤ ስማቸውን አንድ በአንድ አየሁት፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ባለሱቋም እንደወደደች ቆይቼ ነው የደረስኩባት።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ቀልድ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣሁ፤ እባክሽ ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እትዬም በትከሻሽ በኩል እያነበቡ ከሆነ እሳቸውም ይቀመጡ።

"ቅዳሜ የእትዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቦይለር እሰቅላለሁ፣ በትምህርት ሠላሳ አንድ መሠረት" ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ገና ሃያ ስድስት ላይ ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘልዬ ሠላሳ አንድን አየሁት። አሰቃቀሉ ጥሩ ነው፣ ግድግዳ መብሳቱ ጥሩ ነው፣ የመብራቱንም ነገር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዉ ማለቱ ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ደረሰ። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ከቦይለሩ ሥር አንዲት የነሐስ ቫልቭ አለች፤ ከጎኗ ወደ ታች የምታይ ትንሽ አፍ አላት። እሱ ምን አለ? "አንዳንዴ ከዚህች አፍ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ወለል እንዳያበላሽባችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ክዳን አጥብቁባት" አለና ፈገግ እያለ ደፈናት።

ልንገርሽ፣ ብድግ አልኩ። በደስታ! ይቅር ይበለኝና ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ። ሁለት ወር ሙሉ የፈለግኩትን አገኘሁ። እየሮጥኩ ወደ ሱቁ ወረድኩ። "ተሳሳተ!" አልኳት። "ባለ ነጭ ሸሚዙ ተሳሳተ!"

"ምን አጠፋ?" አለችኝ። እያስረዳኋት እያለ ግን ቅዳሜ ትዝ አለኝ። አንቺ ያችን ክዳን በእጅሽ ስታጠብቂ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ያበጠው ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ያቺ አፍ ናት። ስትንጠባጠብ ተበላሽታ አይደለም፣ ሥራዋን እየሠራች ነው። ቦይለር የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ሙቀቱን የሚቆርጠው ዕቃ ደህና እስከሆነ ድረስ አፏ ቢደፈንም አንድ ወር፣ አንድ ዓመት ምንም ላይሆን ይችላል። ያ ዕቃ አንድ ቀን የተበላሸ ዕለት ግን ውሃው መፍላቱን አያቆምም፣ መውጫም የለውም።

ከዓመታት በፊት አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ስመለስ ሳላናግርሽ ገብቼ የተኛሁበት ቀን ነበር፤ በማግሥቱም "ምን ሆነህ ነው?" ብትዪኝ "ደክሞኛል" አልኩሽ። ደክሞኝ አልነበረም። የተተኮሰ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል ብለው ያችን አፍ ደፍነዋት ኖሯል። ቦይለሩ ጣሪያውን በስቶ ወጥቶ የጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው የተገኘው። ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ሴት አንሶላ ልታሰጣ ወደ ውጪ ወጥታ ስለነበር ተረፈች። እኔ ስደርስ አንሶላውን እንደያዘች ቆማለች። እጇን ፈልቅቆ አንሶላውን ሊያስለቅቃት የቻለ ሰው አልነበረም። ይሄን ላንቺ የማወራበት አፍ አልነበረኝም። አሁን ግን አወራሁልሽ።

ሰኞ ጠዋት ቃልሽን አፍርሼ ደወልኩ። ያነሱት እትዬ ናቸው።

"ሥራ ላይ ናት፣ ጎረቤት ቧንቧ ልትሠራ ሄዳለች" አሉኝ። የእኔ ሚስት! "ምን ልንገርልህ?"

"ቦይለሩ ሥር ያለችውን ትንሿን አፍ እንዳትደፍን ይንገሩልኝ። መጽሐፉ ተሳስቷል። ትንጠባጠብ፣ ትተዋት።"

ከዚያ ሳቃቸው መጣ። "አንተ? አንተ ነህ 'ይንጠባጠብ፣ ተዪው' የምትላት?"

"እትዬ፣ የእውነቴን ነው።"

"አይ ልጄ፣ ቅናት ነው እንዴ እስከዚህ የሚያደርስህ? እሺ፣ ቀንቷል ብዬ እነግርልሃለሁ" አሉና ዘጉት።

አልፈርድባቸውም። ባለሱቋም ያለችኝ ይህንኑ ነው። "ሁለት ዓመት ሳህን ያስደፋሃት ሰው አሁን 'ይንጠባጠብ' ብትላት ማን ያምንሃል? እኔ ራሴ አላምንህም" አለችኝ። አንቺም አሁን ይህን ስታነቢ ከንፈርሽ በአንድ በኩል ከፍ እንዳለ ይታየኛል። እውነትሽን ነው። በትዳራችን ውስጥ ለአንቺ ከማልናገረው ነገር ሁሉ ይቺ አንዲት ቃል ከእኔ አፍ መውጣት የማይገባት ናት። ግን እውነት ናት።

ስለዚህ ማንን ታምኛለሽ? ብዬ አሰብኩ። መልሱን አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈሽልኛል።

ሰኞ ቀትር ላይ ለሰውዬው ጻፍኩለት። በእውነተኛ ስሜ፣ ሙያዬን ጠቅሼ፣ የሸሚዙንም አስተያየት የጻፍኩት እኔ መሆኔን ተናዝዤ። ስህተቱንም አስረድቼ፣ የስልክ ቁጥሬንም ጨምሬ ላክሁለት። ይሳለቅብኛል፣ ወይም ጭራሽ አይመልስም ብዬ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ደወለ። ያው ድምፅ ነው፤ ስልክ ላይ ይባስ ያምራል።

"ወንድሜ፣ እርስዎ ነዎት ስለ ሸሚዜ የጻፉት?" አለኝ።

"እኔ ነኝ። ይቅርታ።"

"ግድ የለም፣ ባለቤቴ በጣም ነው የሳቀችው።" ሚስት አለው! ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትንሽ አየር ገባልኝ። "አሁን ስለ ቫልቯ ቀስ ብለው ያስረዱኝ፤ እየጻፍኩ ነው" አለኝ።

አስረዳሁት። የልብስ ማጠቢያ ቤቱንም ነገርኩት። "እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም" አለኝ። "የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ቤቴ ቧንቧ ፈንድቶ 'ነገ እመጣለሁ' ያለኝ ሠራተኛ ስላልመጣ መጽሐፍ ገዝቼ ራሴ ሠራሁት። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን... ሰውዬው እስከ ዛሬ አልመጣም።"

እኔም ያ ሰው እኔ እንዳልሆን ብዬ በሆዴ ቀን ስቆጥር ቆየሁ።

ቪዲዮውን ወዲያው አወረደው። አዲሱን ቀርጾ እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። መጽሐፉ ግን አንዴ ታትሟል፤ አንቺም የምትከተዪው መጽሐፉን ነው፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። ይህን ስነግረው "ባለቤትዎ ተማሪዬ ናቸው?" አለኝ። ከየት እንደምትጽፊ ነገርኩት።

"አወቅኳቸው!" አለ። "ጥያቄ የሚልኩልኝ፣ 'የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት' ብለው የሚፈርሙት!"

አንቺዬ፣ እንዲህ ብለሽ ነው የምትፈርሚው? አልነገርሽኝም።

"መጀመሪያ የላኩልኝ ጥያቄ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አለኝ። "'የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ለምን ያንጠባጥባል?' የሚል ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።"

"ቀልድ አይደለም" አልኩት።

"እጽፍላቸዋለሁ፤ ግን ባለፈው መልእክቴን ያዩት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ለቅዳሜ አይደርስም። ስልካቸውን ይስጡኝና እኔ ራሴ ልደውል" አለኝ።

አልሰጠሁትም።

አዎ፣ አልሰጠሁትም። አፌ እምቢ አለኝ። "እኔ እነግራታለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ያ ድምፅ ወደ ጆሮሽ ገብቶ "አይዞዎት" ሲልሽ ታሰበኝ። ባለሱቋ ይህን ስትሰማ ሚዛኑ ላይ የነበረውን ስኳር ትታ "አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ ከቦይለር ጋር ጣሪያ ይዛ ብትሄድ ይሻልሃል?" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስላት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ቤት ሄድኩ። ትናንት ሙሉ ቀን ሥራ አልገባሁም። ሁለት ደንበኞች ደውለው "ነገ" አልኳቸው።

አሁን ምን እንደምታደርጊ ልንገርሽ። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ቫልቭ ይደርስሻል፤ አፏን አይተሽ ለያት። ክዳን አልላክሁልሽም፤ መጽሐፉ ክዳን አጥብቂ ቢልሽም እንዳትሰሚው። ከአፏ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አድርገሽ ወደ መታጠቢያው ጉሮሮ ምሪው፤ የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን። ወለሉም አይረጥብም፣ እትዬም አይቆጡም። የቀረውን ሁሉ እንደ መጽሐፉ ሥሪ። የቀረውን በደንብ ነው የጻፈው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ ወረቀቱ ላይ ታዪዋለሽ።

ይህ ሁሉ እኔ ያልኩት ስለሆነ ላታምኚው ትችያለሽ። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት ለሰውዬው መልሼ የደወልኩለት። ቁጥርሽን ሰጠሁት። አንድ በአንድ ነው የነገርኩት፤ መልሶ እንዲያነብልኝም አደረግኩ፤ አንዷን ተሳስቶ ነበር፣ አረምኩት። ልተዋት እችል ነበር፤ አልተውኩም።

የማታውቂውን ቁጥር እንደማታነሺ አውቃለሁ። አርብ በአሥር ሰዓት አንድ የማታውቂው ቁጥር ይደውልልሻል። አንሺው። መምህርሽ ነው። የሚልሽን ሁሉ እመኚው።

ፈጣሪ እጅሽን ከመላጥ፣ እግርሽን ከመንሸራተት ይጠብቅልኝ። እትዬን ሳሚልኝ፤ የሳቁብኝን ይቅር ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ ሥራሽን ስትጨርሺ አንዲት መስመር ጻፊልኝ፤ "ሞቀ" ካልሽኝ ይበቃኛል።

ያቺን የቫልቭ ነገር በስልክ ለማስረዳት ደግሞ ለመምህርሽ አምስት ደቂቃ ትበቃዋለች። እኔ ለክቼዋለሁ።

የቧንቧ ሠራተኛው፣
ባልሽ